ሞቱን የሰማሁት ሰርግ ቤት ነው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ነበር። ስሞቹን አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

“የሞጣ አካባቢ ልጅ ነኝ። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞጣ ከተማ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን የተማርን ጓደኛ ነበረኝ። ሁለታችንም የገጠር ልጆች ነን። ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ በእግር ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ እሁድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። የሱ እናት የጋገሩትን ዳቦ እኔ እበላለሁ፤ የኔ እናት የሰጠችኝን በሶ እሱ ይበጠብጣል። በ1990 ማትሪክ ተፈተንን። ለኔ ነጥብ መጣልኝ፤ ለሱ አልመጣለትም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እሱ ቤተሰቡን ለመርዳት ሁመራ እየወረደ ሰሊጥ ማጨድ ጀመረ።

መጀመሪያ እንጻጻፍ ነበር። መጋቢት 1994 የመጨረሻ ደብዳቤው ደረሰኝ። ‘ከሁመራ ከመጣሁ ወዲህ ትኩሳት አልለቀቀኝም። አዲስ አበባ ጥሩ ሐኪም አለ ይላሉ። ብመጣ ታሳየኛለህ?’ ይላል። ፈተና ደርሶብኝ ነበር፤ ገንዘብም አልነበረኝም። ‘ክረምት እመጣለሁ፣ ያኔ እንነጋገራለን’ ብዬ መለስኩለት። ክረምት አልሄድኩም። እሱም ዳግመኛ አልጻፈም። የተቀየመኝ መሰለኝና እኔም ዝም አልኩ። በዚያው ቀረን።

ባለፈው ጥር ሰርግ ቤት አንድ የአገሬን ሰው አገኘሁና ስለ ጓደኛዬ ጠየቅሁት። ‘አንተ! እሱ እኮ ከሞተ ሃያ ዓመት አለፈው። ያው በዚያ በሽታ ነው’ አለኝና ወደ ጭፈራው ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እህቱ ባሕር ዳር እንዳለች ሰምቼ ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። አልቅሳ አልቅሳ፣ ‘ኤድስ አይደለም፤ ከሁመራ ይዞት የመጣ በሽታ ነው። ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ፣ ሰኔ ላይ ሞተ። ሰው ሁሉ ኤድስ ነው እያለ ለቅሶውን እንኳን በቅጡ አልደረሰንም’ አለችኝ። እናታቸው አሉ፤ ሰማኒያ አልፏቸዋል፣ መንኩሰዋል።

እውነቱ የትኛው ነው? ያኔ ‘ና’ ብለው ይድን ነበር? እናቱ ፊት ቀርቤ ይቅርታ ልጠይቅ? ደብዳቤውንስ ላሳያቸው? ባለቤቴ ‘ከሞተ ሃያ ዓመት ላለፈው ሰው እንዲህ መሆን ምንድን ነው?’ ትለኛለች። የምሄድ ከሆነ ምን ይዤ፣ ምን ለብሼ ልሂድ?”

ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናህ። ይህን እስካሁን ያለህ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ። በወጉ ቢሆን መርዶህ እንዲህ አይነገርህም ነበር። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ቀድሞ ለጎረቤትና ለዘመድ ሹክ ይባላል። ሰው ይሰበሰባል፣ የሚይዙህ ሰዎች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። ማታ አይነገርም፤ ሰው ሐዘኑን ታቅፎ ብቻውን እንዳያድር ነው። አንተ ግን ከበሮ እየተደለቀ፣ ሳህን ይዘህ ቆመህ ሰማኸው። ነጋሪህም ሊጨፍር ሄደ። እንቅልፍ ብታጣ ምን ይገርማል?

ባለቤትህን አትቀየማት። ለሷ የድሮ ሞት ነው። ላንተ ግን የጥር ነው። መርዶ የሚቆጠረው ከተሰማበት ቀን ነው። ከጦር ሜዳ የልጃቸው ወሬ ዘግይቶ የደረሳቸው ቤቶች በየመንደራችን አሉ። “ቆይቷልና አታልቅሱ” ያላቸው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ አልቅስ። ብቻህን ግን አይሁን። ያኔ ሞጣ አብረዋችሁ ከተማሩት ውስጥ አዲስ አበባ የሚኖሩ አታጣም። አንድ ቅዳሜ በማለዳ ቤትህ ጥራቸው። ቡና ይፈላ። ግማሾቹ አልሰሙ ይሆናል፤ እንግዲህ መርዶ ነጋሪው አንተ ነህ ማለት ነው፣ በደንብ ንገራቸው። ባለቤትህም ቁጭ ብላ ትስማ። ስለ ስንቁ፣ ስለ ኩራዙ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ስታወሩ ስትሰማ ይህ ሰው ምንህ እንደነበር ይገባታል። አንተ ብቻህን ብታስረዳት አይሆንልህም።

አሁን ወደ በሽታው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ብሆንም ከስንት ዓመት በኋላ በደብዳቤ አልመረምርም። ነገር ግን እህቱ ያለችህ ነገር፣ ማለትም ቆላ ወርዶ መመለሱ፣ የማይለቀው ትኩሳት፣ ያበጠው ሆድና ያለቀው ሰውነት አንድ ላይ ሲታይ ካላዛርን ይመስላል። መተማና ሁመራ የታወቀ በሽታ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ከትንኝ ያነሰች፣ ስትመጣ ድምፅ የማይሰማባት። ቀን በተሰነጠቀ ጥቁር መሬትና በኩይሳ ውስጥ ትውልና ሲመሽ ትወጣለች። ከደጋ የወረዱት ልጆች ደግሞ የሚያድሩት ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ነው። በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለአጨዳ።

ክፋቱ በሽታው እዚያው አለመታየቱ ነው። ሰውየው ከተነከሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ደህና ሆኖ ይቆያል። ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ አገሩ ይገባል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ቤቱ ነው። ጣፊያው ያብጣል፣ ደሙ ያንሳል፣ ይነስረዋል፣ ሥጋው ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ታዲያ ለምን “በዚያ በሽታ” ተባለ? ዘመኑን አስታውስ። በ1994 የከሳ ሰው ሁሉ የሚጠረጠረው በአንድ ነገር ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ለገጠር ሰው ምርመራውም መድኃኒቱም ሩቅ ነበርና መርማሪው መንደሩ ነበር። ሁመራ ሄደ፣ ከሳ፣ አለቀ፤ ፍርዱ ተሰጠ። ጤና ጣቢያ የደረሰም ቢሆን “ወባ ነው” መባሉ አይቀርም። በዚያው በ1997 ከጣና በስተምሥራቅ ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆነ። ሊቦ ከምከም እኮ ወደ ጎንደር የሚወስደው ዋና መንገድ የሚያልፍበት አገር ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በሞጣ ገጠር ማን ያውቀዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ላንተም ለእህቱም ደስ ላይል ይችላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በዚያ አካባቢ ሠራተኞች ዘንድ ካላዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ሰው ላይ ተደርበው መገኘታቸው የታወቀ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። አሁን ማንም መርምሮ አይደርስበትም። ስለዚህ አገርህ ገብተህ “ኤድስ አልነበረም” ብለህ ለመሟገት አትነሳ። ክርክሩን አንዴ ከጀመርክ “ኤድስ ቢሆን ኖሮ ለቅሶ መቅረታችሁ ልክ ነበር” ማለትህ ነው። ልክ አልነበረም። በምንም ይሙት፣ ያ ቤት ለቀስተኛ ይገባው ነበር። እህቱ ስልክ ላይ ያለቀሰችው በዚህ ይመስለኛል። የበሽታውን ስም እናስተካክል አይደለም ያለችህ። ሰው አልመጣልንም ነው ያለችህ።

(መስመሬን ልልቀቅና፦ ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከዚያ አካባቢ ቆላ የተመለሰ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የት ሠርቶ እንደመጣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አሁን በጣት ደም የሚታይ ፈጣን ምርመራ አለ። ሕክምናውም አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማዕከል አለው። ጠበል ውሰዱት፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩ።)

“ና ብለው ይድን ነበር?” ለዚህ ለቅሶ ቤት የሚሰጥህ መልስ “ቀኑ ደርሶ ነው” የሚል ነው። ይባል፤ ያጽናናል። እኔ ግን ጠይቀኸኛልና እንደሱ ብዬ አላልፍህም። ሊድን ይችል ነበር። በየቀኑ የሚወጋ፣ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅ መርፌ ያኔም ነበር። ላይድንም ይችል ነበር። አዲስ አበባ ቢመጣ የሚያየው ሐኪም ካላዛርን ይጠርጥር አይጠርጥር ማን ያውቃል? ያ ሁሉ መንገድ በዚያ ሰውነቱ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ነው። አንተ ደግሞ የካፌ ምግብ የምትበላ፣ ኪስህ ባዶ የሆነ ተማሪ ነበርክ። ከሰው ተበድረህ ታደርገው ነበር ይሆናል። ይህን ራስህ ታውቀዋለህ፤ እኔ ልፈርድበት አልችልም።

የምፈርደው ሌላው ላይ ነው። ስለ መጋቢቱ መልስህ አልወቅስህም። ፈተና ያለበት ልጅ እንደዚያ ይመልሳል። ክረምቱ ገብቶ፣ ትምህርት ተዘግቶ፣ አለመሄድህ ነው ጥፋቱ። በዚያ ላይ ዝምታውን ኩርፊያ አድርገህ መቁጠርህ። “ተቀይሞኝ ይሆናል” ማለት ይቀላል፤ አውቶቡስ አያስይዝም። ይህን የምልህ ላሳዝንህ አይደለም። ጥፋትህን በልኩ እንድትይዘው ነው። ጓደኛህን አልገደልክም፤ ክረምት ሄደህ ቢሆን የምታገኘው መቃብሩን ነበር፤ ሰኔ ላይ ሞቷል። የቀረብህ ለቅሶው ነው። ለቅሶ ደግሞ ዘግይቶም ይደረሳል።

ስለዚህ ሂድ። “ሞቱን አልሰማሁም ነበር” ብሎ የመጣን ሰው የሚመልስ ደጅ አገራችን ውስጥ አላውቅም። መንገዱ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ግን አንተም ታውቃለህና “ነገ ተነስ” አልልህም። ከእህቱ ጋር ተማከሩ። እማሆይ ወደ እሷ ብቅ የሚሉበት ጊዜ ካለ ባሕር ዳር ብታገኛቸው ይቀላል፤ ባሕር ዳር በአውሮፕላንም ይደረሳል። ዋናው እህቱን ቀን ቆርጠህ ማነጋገርህ ነው። በጥር ደውለህ እንዳለቀሰች ትተሃት ከሆነ ያው ዝምታ ነው፤ ቶሎ ደውልላት። እናቷንም ቀድማ ታዘጋጃቸው። በሰማኒያ ዓመታቸው ሳያስቡት በር ላይ ቆመህ አታስደንግጣቸው።

ስትደርስ እማሆይ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። አታባብላቸው፤ አብረህ አልቅስ። አንተን ሲያዩ የሚያዩት ልጃቸው ቢኖር የሚሆነውን ነው፤ ሽበትህን ጭምር። ይህ ከባድ ነው፣ ለሳቸውም ላንተም። ከዚያ ሲረጋጉ ስለ ሕመሙ አትጠይቅ። እንዴት እንደሞተ ሳይጠየቁ ከነገሩህ ስማ። አንተ የምታወራው ሞጣ ያላችሁበትን ነው። እሳቸው ስንቅ ቋጥረው የሚሸኙት ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን እንደሚሠራ አያውቁም። ምን ያስቀው እንደነበር፣ ማን ጋር እንደተጣላ፣ ዳቧቸውን ለማን እንዳካፈለ። ይህን ለሳቸው የሚነግር በምድር ላይ አንተ ብቻ ነህ።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ እሳቸው ላይ አታፍስሰው። እኚህ እናት ልጃቸውን ያስታመሙ ናቸው። “ሁመራ ለምን ላክሁት? ለምን አልከለከልኩትም?” እያሉ ስንት ሌሊት እንዳሳለፉ አስብ። አሁን አንተ “ድረስልኝ ብሎ ጽፎልኝ ነበር” ብትላቸው አንተ ቀለል ይልህ ይሆናል። እሳቸው ግን አዲስ ሒሳብ ይጀምራሉ። “ምነው ልጄ፣ ጠፋህ?” ብለው ከጠየቁህ አትዋሻቸው። “ክረምት እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ እማሆይ” በላቸው። ይበቃል። የቀረውን ለንስሐ አባትህ ንገር።

ደብዳቤውን ለእናቱ አታሳይ። ለእህቱ ግን መኖሩን ንገራት፤ እናታቸው በሌሉበት፣ ረጋ ብለህ። ብትቆጣህ ተቀበል። መብቷ ነው። የወንድሟን የእጅ ጽሑፍ ልታይ ትፈልግ ይሆናል፤ ምናልባት ቤታቸው አንድም አልቀረ። ከፈለገች ስጣት። ካልፈለገች ካንተ ጋር ይቆይ።

ምን ልያዝ ላልከው፣ ቡናና ስኳር ከሁሉም ይቀድማል። ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍና ዕጣን። ደግሞ ያኔ ሞጣ ፎቶ ቤት ገብታችሁ አብራችሁ የተነሳችሁት ካለ ፈልገው። የዚያ ዘመን ተማሪ አንድ እንኳን አይጠፋውም፤ ከጀርባ የተሳለ ፏፏቴና የፕላስቲክ አበባ ያለበት። አሳድገህ አሳትመህ ያዝ። ግን ቀድመህ ለእህቱ አሳያት። የልጃቸው ፎቶ የሌላቸው ከሆነ፣ መቼ ብናሳያቸው ይሻላል የሚለውን እሷ ታውቃለች።

የክርስትና ስሙንም ጠይቅ። አራት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁም ላታውቀው ትችላለህ፤ በጸሎት የሚጠራው ግን በሱ ነው።

ተዝካሩ በወጉ ወጥቶለት እንደሆነም እህቱን ጠይቃት። በዚያ ዓመት፣ ሰው በሸሸበት ቤት፣ ላይወጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ “እኔ ላውጣ” ብለህ በሬ ጥለህ አትግባ፤ የድሃ ቤት በእንግዳ ገንዘብ ሲደገስበት ያፍራል። ሰኔ ሙት ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ በአቅሙ ጠላና ዳቦ ካሰናዳ አንተ እንደ አንድ ልጅ አዋጣ፣ ቅዳሜ የጠራሃቸው የሞጣ ልጆችም እንደየአቅማቸው ያዋጡ። መንገዱ ከፈቀደ አብረውህ ይሂዱ። ያኔ ለቅሶ የቀረው ጎረቤት ስድስት ሰባት ጎልማሳ ወንድ በልጁ ስም እያለቀሰ ሲገባ ቆሞ ይይ። ስለ በሽታው አንድ ቃል መናገር አያስፈልጋችሁም።

ስለ ልብሱ፣ ጥቁር ሱፉን ተወው። እንደ አገሩ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ግባ። ባለቤትህ ከመጣች እሷም እንዲሁ። ልጆቹን በዚህ ጉዞ አታስከትላቸው፤ እማሆይ ራሳቸው “አምጣቸው” ይሉሃል፣ ያኔ ትወስዳቸዋለህ።